ስጦታውና ባዕዱ አካል



በአል ዋክራ ከምትኖሩት ምእመናን አንዱ በቅርቡ ከባድ ጥያቄ አቀረበልኝ። በአገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሙ ኩላሊቶቹ ሥራቸውን አቁመዋል፤ ቤተሰቡም ተስፋውን የጣለው በእርሱ ላይ ነው። «አባ፣ ኩላሊቴን ብሰጠውና ሰውነቱ ባይቀበለውስ? ስጦታዬ ከንቱ አይሆንምን?» አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ሊሆን ስለሚችል ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

ፈጣሪ በሰውነታችን ያኖረው የመከላከል ኃይል የራሱ ያልሆነውን ሁሉ እንደ ጠላት ይዋጋል፤ ሊያድነው የመጣውን አካል እንኳ ሳይቀር። እ.ኤ.አ. በ1954 በቦስተን የተደረገው የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሠመረው ሰጪውና ተቀባዩ ተመሳሳይ መንትዮች ስለ ነበሩ ነው። መንትያ የሌለው ግን ይህን ኃይል የሚያለዝብ መድኃኒት ዘወትር ይወስዳል፤ መድኃኒቱም ለልዩ ልዩ ሕመም ያጋልጠዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይህንኑ መድኃኒት ይጠይቃል።

ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ፤ እርሱም የዘረ መል ሕክምና ነው። አሳቡ የተቀባዩን መላ ሰውነት ከማዳከም ይልቅ አካሉ ከመተከሉ በፊት ቁጣን የሚያበርድ ዘረ መል በራሱ በአካሉ ውስጥ ማኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የቶሮንቶ ሐኪሞች ለንቅለ ተከላ ብቁ አይደሉም የተባሉ የሰው ሳንባዎችን ከሰውነት ውጭ በሕይወት አቆይተው እንዲህ ያለውን ዘረ መል በቫይረስ ተሸካሚነት አስገቡባቸው፤ የሳንባዎቹም ሥራ ተሻሻለ። ይህ ተስፋ ነው፤ ዛሬ ለወንድማችን የሚታዘዝ መድኃኒት ግን አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥናት አትፈራም። የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሰነድ፣ በአንድ ሕመምተኛ ሕዋሳት ላይ ብቻ የሚደረግ የዘረ መል ሕክምና በመርህ ደረጃ የተፈቀደ መሆኑን አስተምሯል፤ አደጋው ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር ሊመዛዘን፣ ሕመምተኛውም አውቆ ሊፈቅድ ይገባል። ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፈውን ለውጥ ግን አሁን ባለው ሁኔታ አልተቀበለችም።

ስለ መስጠትም ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2000 በሮም ለንቅለ ተከላ ሊቃውንት ሲናገሩ፣ አካልን መለገስ የፍቅር ሥራ መሆኑን፣ አካልን መሸጥ ግን የሰውን ክብር እንደሚያዋርድ፣ ሰጪውም በዕውቀትና በነጻነት መፍቀድ እንዳለበት አስገንዝበዋል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ በፍቅር የተሰጠ ስጦታ ሰውነት ባይቀበለው እንኳ በእግዚአብሔር ፊት ከንቱ አይሆንም። ነገር ግን የዘመድ ልመና፣ ዕዳ ወይም ሐፍረት የሚያስገድደው ስጦታ ስጦታ አይደለም። «አልችልም» ማለት ኃጢአት አይደለም። ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ደጅ የሚሠራ ሰው በአንድ ኩላሊት እንዴት ይኖራል? የወንድሙን መድኃኒት ከዓመት ዓመት ማን ይገዛለታል? እነዚህን መጠየቅ የእምነት ማነስ ሳይሆን ከእግዚአብሔር የተቀበልነውን አካል ማክበር ነው።

የሕሙማን ሁሉ ፈዋሽ የሆነ ጌታ ሕመምተኞቻችንን ይጎብኝ፤ ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለሚሰጡት ድፍረትን፣ መስጠት ላልቻሉትም ሰላምን ያድል። አሜን።