ከቀለሙ በፊት

ብረት እንቀባ ባሉበት ሁሉ አንድ ክርክር አይቀርም፤ ብሩሽ ይሻላል ወይስ ስፕሬይ? እኛም የዶርማችንን የብረት አልጋዎች ለመቀባት ገንዘብ ስናዋጣ በዚሁ ተከፋፈልን። ስፕሬይ ያሉት «ቶሎ ያልቃል፤ ፋብሪካ የሠራው ይመስላል» አሉ። ብሩሽ ያሉት «ገንዘቡንስ ማን ያመጣል?» አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ግን ጓዶች፣ ብረቱ ክርክር አይሰማም። ውሃና አየር ካገኘ ይዝጋል፤ ቀለም ስር ሆኖም ይዝጋል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ከቀለሙ በፊት ነው። የሚላላጠውን መፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ቅባቱን አኳራጅ በነካ ጨርቅ መጥረግ፣ ሲደርቅ አንቲረስት መቀባት፤ ቀለሙ ከዚያ ይመጣል። ብሩሽ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አንቲረስቱን ከብየዳው ጥግና ዝገት ከበላው ጉድጓድ ገፍቶ ያስገባዋል። የአልጋ እግር ደግሞ ቀጭን ቧንቧ ነው፤ ቢነፉበት ብዙው ቀለም አልፎ ይሄዳል።

ስፕሬይም ቢሆን ቦታ አለው። ኤድ ሲሞር የተባለ አሜሪካዊ የቀለም ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1949 ቀለምን በጣሳ አፍኖ እንዲነፋ ያደረገው፣ ለቤት ማሞቂያ ራዲያተር የሚሆን የአሉሚኒየም ቀለሙን ለገዢ ለማሳየት ብሎ ነው። የራዲያተርን ሸንተረር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ብሩሽ አይደርስበትም። የሽቦ መደርደሪያ፣ ጥልፍልፍ የወንበር ጀርባም እንደዚያው ነው። ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቆ፣ እጅን ሳያቆሙ፣ ስስ አድርጎ ደጋግሞ መንፋት ነው። በአንዴ ላጥግበው ያለ ሰው ቀለሙ ይንጠባጠብበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

የክርክራችን ትልቁ ነገር ግን አየሩ ነበር። መካከላችን አስም ያለው ልጅ አለ። በር ዘግቶ ቀለም መንፋት እሱን ከዶርሙ ማባረር ነው። አልጋዎቹን ወደ ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀን አወጣናቸው። አሮጌውን ቀለም መፋቅም ጣጣ አለው፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የምንጽፍበትን ማለታችን አይደለም፤ ነርቭና አእምሮ የሚጎዳውን ማዕድን ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። አልጋዎቻችን ግን የደንቡ ታላቆች ናቸው። ስለዚህ አፍንጫችንን ሸፍነን፣ አቧራው እንዳይነሳ በውሃ እያራስን ፋቅን፤ ዳግም እንዳይዝግም ወዲያው በጨርቅ አደረቅን።

አንቲረስቱንም ቀለሙንም በብሩሽ ቀባን፤ ስፕሬይ የገዛነው ለሽቦ መደርደሪያው ብቻ ነው። እኛ ተመርቀን እንወጣለን፤ አልጋው ይቀራል። የሚተኛበት ፍሬሽ ቀለሙን ያያል እንጂ የፋቅነውን አያይም። ከአንገት በላይ የተቀባ ከሆነ ግን ዓመት ሳይሞላው ተልጦ ራሱ ይናገራል።

ብሩሾቹን በአኳራጅ አጥበን አስቀምጠናል። የሚፈልግ ብሎክ ይምጣና ይውሰድ።