ሳንቀምስ የሸጥነው አረንጓዴ ዱቄት

ዛሬ ከኦቦ ስለ ማቻ ልንጽፍላችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ማቻ ደግሞ ምንድን ነው?» ትሉ ይሆናል። እኛም ከዓመት በፊት እንደዚያው ነበርን። ሳናውቀው ሸጥነው፣ አፈርን፣ ከዚያ በኋላ ተማርን። እናንተ ከማፈሩ በፊት እንድትማሩ ብለን ነው የምንጽፈው።

እኛ ማለት ሁለት እህትማማቾች ነን። ከሁለታችን አንዷ በንግድ ሥራ ዲፕሎማ አላት፤ ደብተሩንም ይህንንም ጽሑፍ የምትጽፈው እሷ ናት። ታናሿ ደንበኛ ታናግራለች፣ ዕቃ ትመዝናለች። ትርፉም ጥፋቱም የጋራ ስለሆነ «እኛ» እያልን እንቀጥላለን። ሱቃችን ትንሽ ናት። ከኬንያ በኩል ማጃኒ፣ ሳሙናና ዘይት እናመጣለን፤ ከኢትዮጵያ በኩል በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና የሽፈራው ዱቄት።

ነገሩ የጀመረው በስልካቸው ቪዲዮ የሚያዩ ወጣቶች እየመጡ «ማቻ አላችሁ?» ማለት ሲያበዙ ነው። ደንበኛ የጠየቀውን «የለም» ማለት ለነጋዴ ይከብዳል። ናይሮቢ ለሚገኝ አንድ ጅምላ ሻጭ ደወልን፣ «አለ» አለን፣ ገንዘቡን በኤምፔሳ ላክን። በሦስተኛው ቀን አንድ ኪሎ በአውቶቡስ መጣልን። የመጣው በሚያሳይ ነጭ ላስቲክ ነው። የአምራች ስም የለውም፣ ቀን የለውም፣ አገር የለውም። ይህን እያየን ዝም አልን። 50 50 ግራም እየመዘንን 20 ቦታ አሸግነውና ከፊት መደርደሪያ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ደረደርነው።

11ዱ ከተሸጠ በኋላ ዱባይ ካፌ ውስጥ ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች አንዲት ደንበኛችን መጣች። አንዱን ፓኬት ከፍታ አሸተተችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ይሄ ማቻ ተብሎ የሚሸጥ አይደለም» አለች። ሌላ ሰው እንዳይሰማ መጠንቀቋ ራሱ አሳፈረን። በማግስቱ የራሷን ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ነጭ ሳህን ላይ ከእሷ አንድ ቁንጥር፣ ከእኛ አንድ ቁንጥር ጎን ለጎን አደረግን። የእሷ እንደ ለጋ ሣር የሚያበራ አረንጓዴ ነው። የእኛ ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላል። ማጃኒ ልትገዛ የመጣች የቦረና ጎረቤታችን ሳህኑን አየች፤ የእኛን በጣቷ እያመለከተች፣ «ይሄኛው ሂና ነው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በላይ ምርመራ አላስፈለገንም።

ቡና ስንገዛ እንዲህ አናደርግም። ፍሬውን በእጃችን እናገላብጣለን፣ እናሸታለን፣ ቆልተን እንቀምሳለን። በርበሬ ስንገዛ ዘሩ ተፈጭቶ ተቀላቅሎበት እንደሆነ በዓይናችን እንለያለን። ይህን ዱቄት ግን ከውጭ የመጣ ነው ብለን ዓይናችንንም አፍንጫችንንም ሳናሠራ ተቀበልነው። አንድ ሲኒ እንኳ አልጠጣንም ነበር።

አሁን ወደ ማቻው እንምጣ። ማቻ የሚሠራው ማጃኒያችን ከሚሠራበት ከዚያው የሻይ ተክል ቅጠል ነው፤ ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። የኬሪቾና የናንዲ ማጃኒ በአብዛኛው ቅጠሉ በማሽን ተጨፍልቆና ተቆራርጦ፣ አየር አግኝቶ ከጠቆረ በኋላ የሚደርቅ ነው። ለማቻ የሚሆነው ተክል ግን ቅጠሉ ከመለቀሙ በፊት ለሦስት ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከፀሐይ ይከለላል። ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ሲቆይ አረንጓዴነቱና ጣፋጭነቱ ይጨምራል። ከተለቀመ በኋላ ወዲያው በእንፋሎት ይመታል፤ ይህ እንዳይጠቁር ያደርገዋል። ከዚያ ይደርቃል፣ አጥንቱና ጅማቱ ይወጣል፣ የቀረው ለስላሳ ክፍል በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። ወፍጮው ቀስ ብሎ ስለሚዞር በአንድ ሰዓት የሚፈጨው ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ነው። ውድ የሚሆነው ለዚህም ነው። ሻይን ፈጭቶ የመምታቱ ልማድ ከቻይና የመጣ ሲሆን፣ ኤይሳይ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1191 ከዚያ ሲመለስ ወደ ጃፓን እንዳስገባው ይነገራል። ዛሬ በኪዮቶ አጠገብ ያለችው ኡጂና በአይቺ ያለችው ኒሺዮ በማቻ የታወቁ ናቸው።

ስለዚህ ማንኛውም የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ ማቻ አይደለም። ኬንያም አረንጓዴ ሻይ ታመርታለች፣ መልካምም ነው፤ ግን በስሙ ይሸጥ። ከኮንሶ በኩል የሚመጣው ሽፈራውም አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዛፍ ነው።

ስትገዙ እኛ አሁን የምናየውን እዩ።

መጀመሪያ ጽሑፉን። አገሩ፣ አምራቹ፣ የተፈጨበት ወይም የታሸገበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። በውስጡ ያለው ዝርዝር ላይ «አረንጓዴ ሻይ» ብቻ መሆን አለበት። ስኳርና የወተት ዱቄት ከተጻፈ የምትገዙት ቅይጥ መጠጥ ነው። «ሴሪሞኒያል» የሚለው ቃል አያታልላችሁ፤ ይህን ስም ማን መጻፍ እንደሚችል የሚወስን ዓለም አቀፍ ሕግ የለም፣ ማንም ይለጥፈዋል።

ሁለተኛ ዕቃውን። ብርሃን የማያስገባ፣ አየር የማያስወጣ ቆርቆሮ ወይም የብር ወረቀት ከረጢት ይሁን። የእኛ ነጭ ላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ደህናውንም ቢሆን ያበላሸው ነበር።

ሦስተኛ ቀለሙንና ሽታውን። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቂት አድርጋችሁ በጣት ሳብ አድርጉት። ጥሩው እንደ ኩል ልሞ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። ሻካራ ከሆነ ወፍጮው ደካማ ነው። ሽታው ለጋ ቅጠል ቅጠል ማለት አለበት፤ ደረቅ ድርቆሽ ከሸተተ አርጅቷል።

አራተኛ ዋጋውን። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ላይ ፈላጊው በዝቶ፣ አንዳንድ ታዋቂ የጃፓን ሻጮች ለአንድ ሰው የሚሸጡትን መጠን እስከ መገደብ ደርሰዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «በማጃኒ ዋጋ ማቻ አለኝ» የሚላችሁን ደጋግማችሁ ጠይቁት።

አዘገጃጀቱ ለሐበሻ እናት አይከብድም። ሻይ ቅጠሉ ተዘፍዝፎ ይጣላል፤ ማቻ ግን እንደ በሶ ነው፣ ዱቄቱ ራሱ ተበጥብጦ ይጠጣል። የሚያስቸግረውም እንደ በሶና እንደ ሽሮ መጓጎሉ ነው።

አንድ የሻይ ማንኪያ ሳይሞላ፣ 2 ግራም ገደማ፣ በትንሽ ወንፊት ንፉት። ሰፋ ባለ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ለብጡት፤ ሽሮ እንዳይጓጉል እንደምታደርጉት ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሲኒ የሚሆን ትኩስ ውሃ፣ ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሊትር፣ ጨምሩበት። ውሃው የሚንተከተክ አይሁን፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ይመራል። ቴርሞሜትር የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ከባሕር ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፤ በእኛ አካባቢ 96 ዲግሪ ገደማ፣ አዲስ አበባ 92 ገደማ ነው። የፈላውን ወደ አንድ ባዶ ኩባያ ስትገለብጡት 10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። እኛ ሁለት ጊዜ እንገለብጠዋለን፣ አዲስ አበባ ያላችሁ አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ትንሽ ጠብቁት።

ጃፓኖች የሚመቱት ከቀርከሃ በተሠራ መምቻ ነው። እኛ ያ ስለሌለን መጀመሪያ በሹካ ሞከርን፣ ተጓጎለ። በኋላ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የበሶ ኮዳ ውስጥ አድርገን ነቀነቅነው፤ አረፋው ግሩም ሆኖ ወጣ። ለዚህ ግን ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ በተዘጋ ኮዳ ትኩስ ውሃ መነቅነቅ ክዳኑን አስፈንጥሮ ያቃጥላል። በወተት ለምትወዱ፣ በሲኒ ውሃ ከተመታ በኋላ የሞቀ ወተት ጨምሩበት። ውሃችን ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ሲሆን ጣዕሙ ይደበዝዛል፤ የዝናብ ውሃ ወይም የተጣራ ብትጠቀሙ ልዩነቱን ታያላችሁ።

ከተከፈተ በኋላ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ጠላቶቹ ናቸው። ክዳኑን ገጥማችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፣ በአንድ ሁለት ወር ጨርሱት። ከፍሪጅ ካወጣችሁት የክፍሉን ሙቀት ሳይላመድ አትክፈቱት፣ ያልበዋል።

ወደ 11ዱ ፓኬት እንመለስ። ደብተሩን አወጣን። ዘጠኙን የገዙትን እናውቃቸዋለን፤ ሁለቱ መንገደኞች ስለነበሩ አላገኘናቸውም። ለዘጠኙ እየደወልንና ቤታቸው እየሄድን ገንዘባቸውን መለስን። አብዛኞቹ ሳቁ፣ አንዱ «እኔማ ጣዕሙ እንዲህ ነው ብዬ ስታገል ነበር» አለን።

አንዷ ጋ ስንደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ነፍሰ ጡር ናት፣ ስድስተኛ ወሯ። ጤና ጣቢያ ደም አንሶሻል ተብላ የአይረን እንክብል ተሰጥቷታል። አረንጓዴ ዱቄት ሲባል እንደ ሽፈራው መስሏት፣ ደም ይሞላል ብላ፣ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር በወተት ትጠጣው ነበር። እንክብሉንም በእሱ ትውጠዋለች። ስትገዛ «ለደም ይሆናል አይደል?» ብላ ጠይቃን እንደነበር ያን ጊዜ ታወሰን። «አረንጓዴ ነገር መቼ ይጎዳል» ብለን መልሰንላታል።

ሻይ፣ ጥቁርም ይሁን አረንጓዴ፣ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡና ከእንክብሉ የሚያገኘውን አይረን ይቀንስበታል። ወተቱም ለእንክብሉ ጥሩ አይደለም። ማቻ ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ስለሚጠጣ ካፌይኑ ቀላል አይደለም፤ ለነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳይበልጥ ይመከራል፣ በዚህ ላይ የቡናዋ ሲኒ ይቆጠራል። ይህን ስንነግራት ዝም አለች። ከዚያ፣ «እናንተ ነጋዴ ናችሁ፣ እኔም ሐኪሜን መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። እኛን ለማቅለል ያለችው ነው፤ አልቀለለንም። በማግስቱ ታናሻችን ጤና ጣቢያ አብራት ሄደች፤ ነርሷ እንክብሉን በውሃ እንድትውጥ፣ ሻይና ቡናን ከምግብ ሰዓት እንድታርቅ ነገረቻት። ዛሬ ልጇ ጡት ይዟል፣ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የቀሩትን ዘጠኝ ፓኬቶች ደፋናቸው። ደብተሩ ላይ «ኪሳራ» ብለን ጻፍን፣ ከጎኑም የ20ውን ፓኬት ሙሉ ዋጋ። ጅምላ ሻጩ አልመለሰልንም፤ ቀን የሌለው ዕቃ ስንቀበል ማስረጃችንንም አብረን ጥለነዋልና።

አሁን በሱቃችን ሁለት ደንብ አለን። ቤታችን ሠርተን ያልጠጣነውን ወይም ያልበላነውን አዲስ ነገር አንሸጥም። «ለምን ይሆናል?» ተብለን ያላወቅነውን ስንጠየቅ «አናውቅም፣ ጤና ጣቢያ ጠይቁ» እንላለን። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቀን ገዢ ባዶ እጁን ይሄዳል። ሆኖም ያቺ ነፍሰ ጡር የነበረች ደንበኛችን ዛሬም ማጃኒዋን ከእኛ ነው የምትገዛው።

እናንተስ ሳትቀምሱ ሸጣችሁ የተቸገራችሁበት ዕቃ አለ? ጻፉልን፣ እንማማርበት። ገበያው ይቅናችሁ።