ያለ እርሾ ኩፍ የሚል ዳቦ

ከአገር ርቆ ለሚኖር ልጅ ስንቅ መላክ በአገራችን የታወቀ የወላጅ ተግባር ነው። እኛም ልጃችን በአሜሪካ አገር በሜይን ክፍለ ሀገር መኖር ከጀመረች ወዲህ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቍጥር በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ በሶውንና ድርቆሹን አሽገን ስንልክላት ስድስት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወደዚህ ግን ጫማና መድኃኒት እንጂ የሚበላ ነገር መጥቶልን አያውቅም ነበር። ስለዚህ ስድስት ጎድጓዶች ያሉት የብረት መጋገሪያና አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ በሰው እጅ ሲደርሰን ግራ ተጋባን። ልጃችን የለመነችን፣ እሑድ እሑድ ጧት የምትጋግረውን ፖፖቨር የተባለ ዳቦ እኛም በቤታችን ጋግረን፣ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ምግብ እንድንበላ ነበር።

ባለቤታችን ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ካነበበች በኋላ፣ «እርሾው የት አለ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ የሚያስቅ አይደለም። በእኛ ዘንድ እርሾ የሌለው ሁሉ ቂጣ ነው፤ ድፎ ዳቦ እንኳ ማታ ተቦክቶ ኩፍ እስኪል ሳይጠበቅ ኮባ አይለብስም። በዚያ ገጽ ላይ የተጻፈው ግን 3 ዕንቁላል፣ አንድ ስኒ ወተት፣ አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት፣ ጥቂት ጨውና ጥቂት የቀለጠ ቅቤ ብቻ ነበር።

ምሥጢሩ እንፋሎት ነው። ሊጡ ቀጭን ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ውኃ ብዙ ነው፤ አስቀድሞ የጋለው ብረት ሲነካው ውኃው በፍጥነት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ውኃም እንፋሎት በሆነ ጊዜ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። በዚሁ ጊዜ ዕንቁላሉና ዱቄቱ በላይ በኩል ረግተው ቆዳ ያበጃሉ። እንፋሎቱም መውጫ አጥቶ ያን ቆዳ እንደ ፊኛ ይነፋዋል፤ ሊጡ ከጎድጓዱ አፍ በላይ ፈንድቶ ይወጣል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ቆዳው ሳይጠና የምድጃው በር ቢከፈት ግን ቀዝቃዛ አየር ይገባና እንፋሎቱን ወደ ውኃነት ይመልሰዋል፤ የተነሣውም ሁሉ ይወድቃል።

የዚህ ዳቦ ዘመድ የእንግሊዞቹ የዮርክሻየር ፑዲንግ ነው። ሐና ግላስ የተባለችው ደራሲ በ1747 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የወጥ ቤት መጽሐፍ አሠራሩን ጽፋለች። በእንግሊዝ ሊጡ ከሚጠበሰው ሥጋ በታች ተቀምጦ የሥጋውን ስብ ይቀበል ነበር። አሜሪካኖች ግን ከሥጋው ለይተው በየጎድጓዱ ጋገሩት። በሜይን ከቅቤና ከእንጆሪ ማርማላታ እንዲሁም ከሻይ ጋር ይቀርባል።

ሜይን የባሕር ጠረፍ አገር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በእኛ ከተማ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንፋሎቱ በቶሎ ይነሣል፤ ቆዳው ግን አብሮት አይፈጥንም። ስለዚህ ልጃችን በገጹ ግርጌ፣ «ለእናንተ አንድ ዕንቁላል ይጨመር፤ የእኛ ከተማ ከፍ ያለ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ባለቤታችን ይህችን መሥመር ደጋግማ አነበበቻት። «የእኛ» ማለቷን ነው የወደደችው።

ዳቦው የፍስክ ስለ ሆነ በበዓለ ኀምሳ አንዱን እሑድ መረጥን። በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በእርሷ ዘንድ ገና ከጧቱ 2 ሰዓት ነበር። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን እየተያየን ሠራን። ባለቤታችን ጎድጓዶቹን የቀባችው በኮረሪማና በኮሰረት በተነጠረ ቅቤ ነው፤ ይህ በጽሑፉ ላይ አልነበረም፤ ለመከራከር የደፈረም የለም። ምድጃው 230 ዲግሪ ሲደርስ ሊጡ ገባ።

በመጠበቅ ላይ ሳለን ባለቤታችን፣ «ልጄ፣ ስድስቱን ማን ይበላልሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ ሦስት ነው የምጋግረው፣ እማዬ። በቀሩት ጎድጓዶች ውኃ እሞላለሁ።»

እሑድን ብቻዋን እንደምትውል በስድስት ዓመት የስልክ ንግግር አልነገረችንም ነበር። እኛም «ደኅና ነኝ» ስትል አምነን እንዘጋ ነበር። ባለቤታችን ጥቂት ዝም አለችና፣ «ዛሬ ውኃ አትሙዪ፤ ስድስቱንም ሊጥ አድርጊው። ጎረቤት የሌለው ቤት የለም» አለቻት።

ከ20 ደቂቃ በኋላ ሙቀቱን ወደ 175 ዲግሪ ዝቅ አደረግነው፤ በሩን ግን አልከፈትንም፤ በመስተዋቱ ብቻ አየን። አራቱ ከአፋቸው በላይ ቆመዋል፤ በበሩ በኩል ያሉት ሁለቱ አጠር ብለዋል። ሲወጡ ቤቱን የኮሰረት ሽታ ሞላው። ባለቤታችን አንዱን ከፍታ ውስጡ ባዶ መሆኑን አየችና ማር አፈሰሰችበት።

ልጃችን የእርሷን ሦስቱን በሳሕን አድርጋ በጨርቅ ሸፈነች። «መጣሁ» ብላ ስልኩን በጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኝታ ወጣች። በር ሲንኳኳ ሰማን። ከዚያም የሴት ድምፅ፣ ከዚያም ሣቅ። እኛም ዳቦውን በእጃችን ይዘን፣ የዚያን ቤት ጣራ እየተመለከትን ጠበቅናት።