«ትመለሳላችሁ ወይ?»

ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ነቀምቴ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን ተቀምጠን መደማመጥ በሚያቅተን ሰሞን፣ ስዊድን አገር ጎተንበርግ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ስሎትስኮገን በተባለው መናፈሻ ውስጥ ሦስት ቀን ይዘፈናል። ዌይ አውት ዌስት ይሉታል፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኛም አራት ተማሪዎች፣ ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡና ከደምቢ ዶሎ፣ በሚመጣው ክረምት እዚያ ለመገኘት አስበናል። ሳቁ፣ ግድ የለም። ዶርም ውስጥም ስቀውብናል።

ለምን ስዊድን? የእኛ አገር ሰው ወደዚያ መሄድ የጀመረው ዛሬ አይደለማ! ከባርነት ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1876 ስዊድን ሄደው አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ምጽዋ ተመለሱ። ከምጽዋ ወለጋ ለመድረስ ግን እስከ 1904 ፈጀባቸው። ያን ሁሉ ዘመን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው በ1899 አሳተሙ። አስቴር ጋኖ ደግሞ የኦሮሞን ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌ እየለቀሙ ጻፉ፤ ብዙው በ1894 በማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። ኋላ ሁለቱም ነቀምቴ ገብተው አስተማሩ። ሄዶ መመለስ፣ ያውም ባዶ እጅን ሳይሆን፣ ከእኛ በፊት ተሠርቷል ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዱ ፍልሰታን ይጾማል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በበዓሉ ሜዳ ሥጋ እንደማይሸጥ ስንነግረው «በሉ እንግዲህ፣ እግዜር የፈቀደው ጉዞ ነው» አለ። የወተቱንና የዕንቁላሉን ነገር ገና አላነሳንበትም።

ጉዞው በደብተር ላይ ቀላል ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ በአየር ስቶክሆልም፣ ከዚያ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ። የደምቢ ዶሎው ጓደኛችን ግን አውሮፕላኑን ሳይሆን የመጀመሪያዋን መንገድ ነው የሚፈራው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተዘጋች እናንተም ታውቃላችሁ። ወጪውን የምንጽፈው በእርሳስ ነው፤ ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በእስክሪብቶ መጻፍ ትርፉ ስርዝ ድልዝ ነው።

ቪዛው 90 ዩሮ፣ ኢንሹራንሱ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ለኑሮ ደግሞ በቀን 450 ክሮና ማሳየት። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን ሲያጠብቅ የ15 ቀኑን የመልስ ጊዜ 45 አድርጎታል፤ ያለ ፈቃድ የተቀመጡ ዜጎቿን ለመቀበል አገራችሁ አልተባበረችም ብሎ። ይህም ይቻል ይሆናል። ያቃተን አንዷ ጥያቄ ናት፦ እንደምትመለሱ በምን እናውቃለን? ደመወዝ የለን፣ ቤት የለን፣ ትዳር የለን።

ጉዱ ደግሞ ይህን የሚጠይቁን ቪዛ ሰጪዎች ብቻ አለመሆናቸው ነው። የጊምቢው ልጅ እናት ቡና ሸጠው ሊረዱት ቃል ገብተው ነበር፤ «ብቻ እዚያው ይቅናህ ልጄ» ብለው። ዘጠኝ ቀን ነው ቢላቸው ዝም አሉ። ቆየት ብለው «እንዴ! ለዘጠኝ ቀን ነው ቡናዬን የምሸጠው?» አሉ። ኤምባሲው የሚፈራውን እናት ትመኘዋለች፤ ሁለቱም የሚያምኑት ግን ያንኑ ነው፤ የሄደ ይቀራል። እርግጥ ምስክር አያጡም። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ ቀሩ፤ ከቀሩት ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ፤ ተሳፋሪ ሲጠፋ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። አንፈርድባቸውም፤ ዘመኑ ሌላ ነበር። እኛ ግን ሰምተን፣ ጨፍረን፣ ለመመለስ ነው የተነሣነው፤ ይህን የሚያምነን ሰው ጠፋ።

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ስለሆነ የካቲትን እየጠበቅን ነው። ሁለታችን ፓስፖርት አለን፣ ሁለታችን ወረፋ ላይ ነን። የሻምቡው ልጅ ትናንት የሚቀጥለውን ዓመት የምዝገባ ቀን አስጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ መጣ። እስካሁን ለመመለሳችን ያገኘነው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።