የመንደር ጸጥታ

የገጠር መንደር በሥነ ጽሑፋችንም ሆነ በሥዕላችን ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠቀስለት ባሕርይ ጸጥታው ነው። ሠዓሊው ጥቂት ጎጆዎችን፣ አንድ ባሕር ዛፍንና ከኮረብታው ግርጌ የተሰማሩ በጎችን ሥሎ ያልፋል፤ ደራሲውም «ሰላም የሰፈነባት» ይላታል። እኔ ግን በአስተማሪነት ተመድቤ ጥቂት ዓመታት ከኖርሁባት የመንዝ መንደር የተማርሁት፣ ጸጥታ ማለት መደማመጥ መሆኑን ነው።

መንዝ ብርዳም ደጋ ነው። ገብስ ይዘራል፤ በግ ይረባል። የበጉን ጠጉር ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ባናና ዝተት አድርገው ይሸምኑታል። ነፋሱ ጋብ ባለበት ከሰዓት በኋላ ከአጥር ማዶ ይሰማ የነበረው የመወርወሪያ ድምፅ በድንገት ቢቋረጥ የአካባቢው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። እንግዳ መጥቷል፣ መርዶ ደርሷል፣ ወይም ለሸማኔው ክር ተበጥሶበታል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ቤቱ ድረስ መሄድ አያሻም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ይለየዋል።

አንድ የክረምት ሰሞን ትኩሳት ጥሎኝ ለማንም ሳልናገር ተኝቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ አጥሚት ይዘው ገቡ።

«እማማ፣ መታመሜን ማን ነገረዎ?» አልኋቸው።

«ማን ይነግረኛል ልጄ፤ ክዳንህ አልጨሰም እኮ» አሉኝ።

በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ጭሱ በክዳኑ መሐል እየሠረገ ይወጣል። ጭስን የሚያነብ ዓይን እርግጥ ሌላውንም ያነባል። ባልና ሚስት በሌሊት የተነጋገሩት በማለዳ ምንጭ ዳር ይደርሳል፤ አንዲት ልጃገረድ በሌላ መንገድ ውሃ ብትወርድ ምክንያቷ ይመረመራል። ይህን ሸሽጎ ደግነቱን ብቻ ማወደስ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ መንደሩን አለማክበር ነው።

ሣሩም ቢሆን እንዲያው የተገኘ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው የጓሳ መሬት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ይኸውም የአስቦና የጌራ ተወላጆች በመረጡት አለቃ አማካይነት መሬቱን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ከአጫጅና ከከብት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በበጋ የሚከፍቱበት ደንብ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ይዞታን ሲሽር ቄሮውም ፈረሰ። ዛሬ መሬቱ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በነዋሪው ይጠበቃል፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳ ዝንጀሮውም በዚያው ጥበቃ ይኖራሉ።

ለጎረቤቴ ከተማ የገቡ ልጆቻቸው ቆርቆሮ አለበሱላቸው። አልነቅፍም፤ የሣር ክዳን በየጊዜው ካልታደሰ ያፈሳል፣ እሳትም ያሰጋዋል፤ ለብቸኛ አሮጊት ሣር አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ ከጣሪያ ወጥቶ የሚከድን ጉልበት ከየት ይመጣል? በኋላ ለጥየቃ ስሄድ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርድ ነበር። ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይመታል፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንኳ መሰማማት ተሳነን። እሳቸው ግን ያ ሁሉ ብርድ እየገባ በሩን ገርበብ አድርገው ትተውታል።

«እማማ፣ ልዝጋው?» ብዬ ጮኽሁ።

«ተወው ልጄ፤ ሰው ቢጣራ አይሰማኝም» አሉኝ።