«እግርሽ ነው»

ነዳጅ ስትረግጡ መኪናችሁ ለአንድ ሁለት ሰከንድ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብላ አስባ ታውቃለች? የእኔ ኮሮላ እንዲያ ማሰብ ስትጀምር በመጀመሪያ ናቅኳት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበት ቢያጥራት አይገርምም አልኩ።

አንድ ማለዳ ግን ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ከሰሚት ወደ ዋናው አስፋልት ልገባ ረገጥኩ፤ መኪናዋ ተንተፋተፈችና መሀል መንገድ ላይ ያዘች። አንድ ከባድ መኪና ጥሩንባውን እያምባረቀ በጎናችን አለፈ። «እማዬ፣ ለምን ቆምሽ?» አለችኝ ልጄ።

ባለቤቴ ማታ ነዳት፤ ምንም አላገኘባትም። «እግርሽ ነው፤ ቀስ ብለሽ አትረግጪም» አለኝ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። በኮምፒውተር ስትመረመር ፒ0171 የሚል ኮድ ወጣ። ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። መካኒኩ ወዲያው «የነዳጅ ፓምፕ ይቀየር» አለ። ዋጋውን ስሰማ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ አለኝ። ልብ በሉ፣ ፓምፑ ቢደክምም፣ ያልተለካ አየር ሾልኮ ቢገባም የሚወጣው ኮድ ያው ነው።

ጓደኛዬ የጠቆመችኝ ሽማግሌ መካኒክ ኮምፒውተር አላነሱም። «መቼ ነው የምትይዘው ልጄ? ጠዋት ሳትሞቅ? ዳገት ላይ? ወይስ ድንገት ስትረግጪ?»

«ድንገት ስረግጥ፣ ጋሼ።»

ኮፈኑን ከፈቱ። የእጅ ፍሬን ስቤ፣ የእግሩንም አጥብቄ ይዤ፣ ማርሹን ዲ ላይ አድርጌ ለቅጽበት ነዳጅ እንድሰጥ አዘዙኝ። (እናንተ ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ከፊቷም ሰው አይቁም።) ሞተሩ ዘንበል ሲል ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጥቁር ጎማ በእጥፋቱ በኩል አፉን ከፈተ። ስንጥቁ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ይገጥማል፤ በኃይል ስትረገጥ ይላቀቃል፤ አየሩም መለኪያውን ሳያልፍ ይገባል። ባለቤቴ እንደ እንቁላል ተሸካሚ ስለሚነዳ አልያዘችውም።

ጎማውን ሶማሌ ተራ አገኘሁት። ከፓምፑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ማታ አሮጌውን ለባለቤቴ ሰጠሁት። አጠፈው፣ ዘረጋው፣ በስንጥቁ አሻግሮ አየኝ።

«ነገ ልጅቷን እኔ አደርሳታለሁ» አለ።

«የለም፣ እኔ ነኝ የማደርሳት» አልኩት።