በታይፔ የኮምፒዩተር ገበያ፤ ፈጣን ራም የሚመረጥበትና የሚፈተንበት አገር

ወደ ታይፔ የሚሄድ መንገደኛ ሲመለስ አስቀድሞ የሚጠየቀው፥ 508 ሜትር የሚረዝመውን የታይፔ 101 ሕንፃ አይቶ እንደ ሆነ ነው። ሕንፃው በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን መንገደኛው ተማሪ ወይም ከደመወዙ ቈጥቦ ኮምፒዩተር ለመግዛት የሚያስብ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጓንግኋ የተባለውን ገበያ ቢያይ የበለጠ ይጠቀማል። መንገዱም ቀላል ነው። ሰማያዊውን የምድር ውስጥ ባቡር ይዞ ዦንግሺያው ሺንሸንግ በሚባለው ጣቢያ ይወርዳል፤ በ1 ቍጥር በር ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ስኩተሮች እንደ ንብ መንጋ በሚተሙበት መንገድ ዳር ስድስት ፎቅ ያለው ሕንፃ ይታየዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ገበያው ሲጀመር የኮምፒዩተር ገበያ አልነበረም። በ1973 ከጉሊንግ መንገድ የተነሡ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች በጓንግኋ ድልድይ ሥር ሱቅ ተሰጣቸው። ከመጽሐፉ አጠገብ ሸክላና ሬዲዮ፥ ከሬዲዮው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ፥ ከዚያም ኮምፒዩተር እየተከተለ መጣ። ድልድዩ በ2006 ፈረሰ፤ ነጋዴዎቹም በ2008 ወደ አሁኑ ሕንፃ ገቡ። በ2015 ደግሞ ከአጠገቡ ሳንችዋንግ የሚባል ባለ 12 ፎቅ ያማረ ሕንፃ ተከፈተ። በዚያኛው ብርሃኑና መስተዋቱ ይበዛል፤ ለሚገዛ ሰው ግን አሮጌው ይሻላል። ሱቆቹ ጠባቦች ናቸው፤ ዕቃው እስከ ጣራ ተከምሯል፤ ባለሱቁም የሚሸጠውን ነገር ያውቃል።

እኔ በገባሁበት ሱቅ ያገኘኋት ባለሱቅ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አድርጋ፥ «ፈጣን ራም እፈልጋለሁ» ስላት፥ ሣጥን ከማውረዷ በፊት «ፕሮሰሰርዎ ምንድን ነው? የሚሠሩበትስ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ራም ለመግዛት የሚነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ራም ምን እንደ ሆነ ጥቂት እንበል። ኮምፒዩተሩ በዚያች ሰዓት የሚሠራበትን ነገር ሁሉ የሚያኖርባት፥ ከጣት ጥቂት የምትረዝም ስስ ሰሌዳ ናት። አሠራሯን ሮበርት ዴናርድ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ በ1966 አሰበው፤ በ1968ም የፈጠራ መብት ተሰጠው። በውስጧ ያለው እያንዳንዱ ጓዳ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይይዛል፤ ነገር ግን እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ያፈሳል። ስለዚህ ሳይጎድል ደጋግሞ መሙላት ያስፈልጋል፤ ዲ.ዲ.አር.5 በሚባለው ራም ጓዳዎቹ ሁሉ በ32 ሚሊሴኮንድ ውስጥ አንድ ጊዜ ይሞላሉ። በ1970 ኢንቴል ለገበያ ያወጣው 1103 የተባለው ቺፕ 1,024 ጓዳ ብቻ ነበረው። ዛሬ በጓንግኋ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለች አንዲት ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከ137 ቢሊዮን በላይ ጓዳ አላት።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንመለስ። በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቍጥር፥ 6000 ወይም 8000፥ ብዙ ሰው ሜጋኸርዝ ነው ይለዋል፤ አይደለም። በአንድ ሴኮንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ መረጃ እንደሚተላለፍ የሚያመለክት ነው። ራሟ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለምታስተላልፍ፥ 6000 የተባለችው በእውነቱ በ3000 ሜጋኸርዝ የምትመታ ናት። በትንሹ የተጻፈ ሌላ ቍጥር ደግሞ አለ፤ ሲ.ኤል. ይባላል። ይኸውም ፕሮሰሰሩ መረጃ ከጠየቀ በኋላ ራሟ እስክትመልስ ድረስ ስንት ምት እንደሚያልፍ የሚናገር ነው። ሻጭ ሁሉ ትልቁን ያሳያል፤ የሚያውቅ ገዢ ግን ትንሹንም ይፈልጋል።

ሁለቱን ለማስማማት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሲ.ኤሉን በ2,000 አብዝቶ በትልቁ ቍጥር ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ናኖሴኮንድ ነው። 6000 ሆና ሲ.ኤሏ 30 የሆነችው 10 ናኖሴኮንድ ትቈያለች። 6000 ሆና ሲ.ኤሏ 40 የሆነችው ግን 13.3 ትቈያለች፤ ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ፥ በአንድ መልክ፥ በአንድ ትልቅ ቍጥር ተሰቅለው ይገኛሉ። የሚያስገርመው ግን፥ 3200 የተባለችው አሮጌ ዲ.ዲ.አር.4 ሲ.ኤሏ 16 የሆነ እንደ ሆነ እርሷም 10 ናት፤ 8000 ሆና ሲ.ኤሏ 40 የሆነችውም 10 ናት። ብርሃን እንኳ በ10 ናኖሴኮንድ የሚሄደው 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ለአዲሲቱ ብዙ የሚከፈለው ለምንድን ነው? ስለ ስፋቱ ነው። 3200 በአንድ ሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ስታሳልፍ፥ 6000 እስከ 48፥ 8000 እስከ 64 ታሳልፋለች። የበሩ መክፈቻ ጊዜ አንድ ሆኖ ሳለ በሩ ሰፋ ማለት ነው።

ስፋቱ የሚጠቅመው ማንን ነው? ደብዳቤ ለሚጽፍ፥ የሂሳብ ሰንጠረዥ ለሚሠራ፥ ለመመረቂያ ጽሑፉ ለሚደክም ተማሪ ምንም ማለት አይደለም። ለእርሱ የሚጠቅመው ብዛት ነው፤ ከ8 ጊጋባይት ወደ 16 ቢያድግ ልዩነቱን በዚያው ቀን ያየዋል። የተለየ የግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒዩተር ያለው ሰው ግን ፈጣን ራም በእጅጉ ይረዳዋል፤ የሥዕሉ ሥራ የሚሠራው በዚያችው ራም ነውና። ለጨዋታ የሚገዙትም ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን እንደ 7800 ኤክስ.3ዲ. ያለ 96 ሜጋባይት የውስጥ ማስቀመጫ ያለው ፕሮሰሰር የያዙት ጥቅማቸው ያነሰ ነው። የማስታወቂያውን ቀለም አይቶ ግራ መጋባት አይገባም፤ በራሟ ጀርባ ላይ የሚበራው ባለ ብዙ ቀለም መብራት ፍጥነት አይጨምርም።

ከፍጥነት ሁሉ የሚቀድመው ሁለት እኩል ራም መግዛት ነው። አንዲት ባለ 16 ብቻ የሚያስገባ ሰው ከሁለቱ መንገድ አንዱን ዘግቶ ይሄዳል። ሁለት ባለ 8 ቢሆኑለት ስፋቱ እጥፍ ይሆናል። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱ የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ሲቈጠር በ2ኛውና በ4ኛው ነው። አራቱንም መሙላት ግን በዲ.ዲ.አር.5 ፍጥነቱን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ስለዚህ «ዛሬ ሁለት፥ ለከርሞ ሁለት» የሚለው ዕቅድ በዚህ ዕቃ ላይ አይሠራም። ባለሱቋም የማዘርቦርዱ ፋብሪካ ፈትኖ ያለፉትን ራሞች የጻፈበትን ዝርዝር በስልኳ ከፍታ አሳየችኝ፤ ገዢው በቤቱ ሆኖ ቢያየው ድካም ይቀንስለታል።

ለኤ.ኤም.ዲ. ራይዘን 7000 ፕሮሰሰር ራሱ ኩባንያው መልካሙ ልክ 6000 ነው ብሏል። ከ6400 ገደማ ሲያልፍ የራሙ መቈጣጠሪያ በግማሽ ፍጥነት መሥራት ይጀምራል፤ ገንዘብ ተጨምሮበትም መልሱ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። በኢንቴል በኩል ከፍ ያለ ፍጥነት ይቻላል። በ2024 ከወጡት ፕሮሰሰሮች ጋር ለሚሠሩት የምት ሰዓቷን በራሷ ላይ የያዘች፥ ሲ.ዩ.ዲም የምትባል ራም መጥታለች።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። 6000 የተጻፈባትን ራም ገዝቶ ያስገባ ሰው፥ ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ የሚያስነሣት በ6000 አይደለም፤ ጄዴክ የተባለው የደረጃ መዳቢ ማኅበር በወሰነው፥ ለምሳሌ በ4800 ነው። ወደ ባዮስ ገብቶ በኢንቴል በኩል ኤክስ.ኤም.ፒ.፥ በኤ.ኤም.ዲ. በኩል ኤክስፖ የሚባለውን መክፈት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በ2007፥ ሁለተኛው በ2022 የመጡ ናቸው። ይህን ሳያደርግ ዓመታት የሚቀመጥ ሰው የከፈለበትን ፍጥነት በሣጥኑ ውስጥ ትቶታል ማለት ነው። ከከፈተውም በኋላ መጀመሪያ ሲነሣ ሰሌዳው ጥቂት ደቂቃ ጨልሞ ቢቈይ አይደንግጥ፤ ኮምፒዩተሩ ራሟን እየለካ ነው።

ይህን መክፈት ራሱ ከተወሰነው ልክ በላይ ማስኬድ ነው፤ በዚያ ገበያ ያሉት ኦቨርክሎኪንግ ይሉታል። የዲ.ዲ.አር.5 መደበኛ ኃይል 1.1 ቮልት ሲሆን፥ 6000 የምትሄደው አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ቮልት ትጠጣለች። ኤ.ኤም.ዲ. ከልክ በላይ በማስኬድ ለሚመጣ ጉዳት ዋስትና እንደማይሰጥ በጽሑፍ አስታውቋል። ነገሩ ወሬ ብቻ አለመሆኑም በ2023 ታይቷል። በዚያ ዓመት የፀደይ ወራት አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ.3ዲ. ፕሮሰሰሮች ተቃጠሉ፤ ማዘርቦርዶቹ ኤክስፖ ሲከፈት ለፕሮሰሰሩ የሚሰጡት ቮልት በዝቶ ነበርና። በኋላ ቮልቱ ከ1.3 እንዳያልፍ ተወሰነ። ስለዚህ ኤክስፖን ከመክፈት በፊት ባዮሱን ማደስ ይቀድማል።

ከመቃጠሉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው። ራሟ ከአቅሟ በላይ ስትሄድ ከቢሊዮኖቹ አንዲት ጓዳ ትሳሳታለች፤ ኮምፒዩተሩም ላይቆም ይችላል። በሰንጠረዥ ውስጥ የነበረ አኃዝ ተለውጦ በዲስክ ላይ ይጻፋል፤ የሁለት ዓመት ጥናት የያዘ ፋይል በምረቃው ሳምንት አልከፈትም ይላል። ዲ.ዲ.አር.5 በቺፑ ውስጥ ስሕተት ማረሚያ አላት፤ ከራሟ እስከ ፕሮሰሰሩ ያለውን መንገድ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ፍጥነቱን የለወጠ ሰው ሜምቴስት86 የተባለውን መፈተኛ በፍላሽ ጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ያስኬደው። ጧት አንዲት ስሕተት ብቻ ብትገኝ እንኳ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርግ። «አንዲት ብቻ ናት» ማለት አይገባም፤ በአንድ ሌሊት አንዲት ያሳየች በአንድ ዓመት ስንት እንደምታሳይ ማስላት ነው።

ከጓንግኋ ወጥቶ በዚያው በሰማያዊው ባቡር ወደ ምሥራቅ እስከ መጨረሻው የሄደ ሰው ናንጋንግ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ይደርሳል። ከ1981 ጀምሮ የሚደረገው ኮምፒዩቴክስ የተባለው ትርኢት ዋና ስፍራው ዛሬ በዚያ ነው። በታይፔ በ1989 የተቋቋመው ጂ.ስኪል የተባለው የራም ኩባንያ በዚያ የኦቨርክሎኪንግ ውድድር ያደርጋል። ተወዳዳሪዎቹ በረጅም የብረት ጽዋ ላይ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከቴርሞስ እየቀዱ ያፈሳሉ፤ ነጭ ጉሙ ጠረጴዛውን ይሸፍናል። በዚህ ዓይነት አያያዝ በ2024 ዲ.ዲ.አር.5 ከ12,000 በላይ ደረሰች፤ የደረሰችውም ለመዝገብ ያህል ለአንድ አፍታ ነው እንጂ ሥራ ሠርታበት አይደለም።

ዋጋውን በተመለከተ፥ የራም ነገር እንደ ቡና ነው፤ ይወጣል፥ ይወርዳል። የዓለምን የራም ቺፕ አብዛኛውን የሚሠሩት ሳምሰንግ፥ ኤስ.ኬ. ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው፤ ማይክሮንም በታይጁንግና በታዎዩዋን ታላላቅ ፋብሪካዎች አሉት። በመስከረም 1999 ታይዋን በታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ፤ 2,400 ያህል ሰው ሞተ፤ የራም ዋጋም በዓለም ገበያ ወዲያው ዘለለ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ መሬት ሳይናወጥ ዋጋው እጅግ ናረ፤ ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩት ታላላቅ ማእከሎች ቺፑን ስለ ተሻሙት ነው። በታኅሣሥ ወር ማይክሮን ክሩሻል በሚባለው ስሙ ለግለሰብ ገዢዎች መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚህ ጊዜ የሚገዛ ሰው ደኅና የሆነች ያገለገለች ዲ.ዲ.አር.4 ብትገኝለት፥ ማዘርቦርዱም የሚቀበላት ከሆነ፥ አያሳፍርም። ሁለት ባለ 8፥ 3200፥ ሲ.ኤል. 16፤ ሌሊቱን በሜምቴስት86 ተፈትነው ያለፉ።